የማልዲቭስ ጫጉላ ዋጋው ከነትራንስፈሩ ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው የዕረፍት ገጻችሁ ላይ ስለ ማልዲቭስ ጫጉላ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ምጽፍላችሁ። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ ቦታውም እውነትም እንደ ፎቶው ነው፣ እሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም። ክርክሬ ዋጋው ላይ ነው። "ለሁለት ሰው በአዳር ከ500 ዶላር ጀምሮ" ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። እኔ ቦሌ አካባቢ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው ምሰራው፣ ፓኬጅ ምሸጠው እኔ ነኝ፣ እና እንዲህ ያለ ቁጥር ጋዜጣ ላይ ወይ ቲክቶክ ላይ በወጣ ቁጥር ሰርጋቸው የደረሰ ልጆች ስክሪንሻቱን ይዘው ይመጣሉ፣ አምስት ሌሊት በ500 አባዝተው ጨርሰው፣ 2,500 ዶላሩን ከዕቁብም ከዘመድም አሰባስበው፣ የቀረን ትኬት ብቻ ነው ብለው ነው ሚመጡት። ከዛ እኔ ትክክለኛውን ሂሳብ ስሰራላቸው ሙሽራው ዝም ይላል፣ ሙሽሪት እሱን እሱን ታያለች፣ ይሄን ማየት በጣም ከብዶኛል፣ ለዛ ነው ምጽፈው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በኛ ስራ ውስጥ "ፕላስ ፕላስ" ሚባል ነገር አለ፣ ሪዞርቱ ሚለጥፈው ዋጋ ሰርቪስ ቻርጅም ታክስም ያልገባበት ነው ማለት ነው። 500ው ላይ መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይገባል፣ 550 ሆነ። በሱ ላይ የቱሪዝም ታክሱ ይታሰባል፣ 16 በመቶ የነበረውን በፈረንጆቹ (እዚህ ምጠራው ዓመት ሁሉ በነሱ ነው) ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17 አርገውታል፣ ስለዚህ 643 ከ50 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ከዛ ግሪን ታክስ ሚባል የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ፣ ለሪዞርት በሰው በአዳር 6 ዶላር የነበረው ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ 12 ሆኗል፣ ለሁለት ሰው 24። አንዷ ሌሊት 667 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገባች፣ አምስቱ ሌሊት 3,337 ከ50። እና ይሄ ሁሉ ሲሆን ሙሽሮቹ ገና ደሴቱ ላይ አልደረሱም።

ምክንያቱም እዛ አገር አንድ ሪዞርት ማለት አንድ ደሴት ነው። ከኤርፖርት ወጥተህ ወደ ሪዞርቱ ራይድ አትጠራም፣ ባስ የለም፣ መንገድ ራሱ የለም። ቅርብ ከሆነ በስፒድቦት ትሄዳለህ፣ ሩቅ ከሆነ ውሃ ላይ ሚያርፈው ትንሽዬ አውሮፕላን፣ ሲፕሌን ሚሉት፣ እሱ ነው ሚወስድህ፣ ደርሶ መልስ ለአንድ ሰው ከ400 እስከ 600 ዶላር የተለመደ ነው። አማራጭ የለህም፣ በራስህ ጀልባ ተከራይቼ እሄዳለሁ ማለት አይሰራም፣ ትራንስፈሩን፣ ማለትም ከኤርፖርት ደሴቱ ድረስ ማድረሱንና መመለሱን፣ ሪዞርቱ ነው ሚያዘጋጀው። 500 ብለን ብንይዝ ለሁለት 1,000 ዶላር፣ ድምሩ 4,337 ከ50 ሆነ፣ ምሳና እራት ሳይገባ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያ ርካሹ ዋጋ ቁርስ ብቻ ያለበት ነው። ደሴቱ ላይ ደሞ የሪዞርቱ ሬስቶራንት እንጂ ሌላ ምግብ ቤት የለም፣ ወጣ ብዬ ርካሽ ነገር ልብላ ሚባል ነገር የለም፣ ወጣ ካልክ ባህር ነው። ሁሉም ምግብ ላይ ያው ሰርቪስ ቻርጁና ታክሱ ይጨመራል። ፉል ቦርድ (ሦስቱም ምግብ የገባበት) ወይም ኦል ኢንክሉሲቭ (መጠጡም ጭምር የገባበት) አርጉት ምለው ለዚህ ነው፣ ኮሚሽን ለማብዛት አይደለም።

ሲፕሌኑ ደሞ ማታ አይበርም፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነው። በረራችሁ ዋና ከተማቸው ማሌ ሚገባው ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ ከሆነ ብዙ ጊዜ የዛን ቀን አትደርሱበትም፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሁልሁማሌ ላይ ሆቴል ይዛችሁ ማደር አለባችሁ፣ ያ ሌላ ወጪ ነው፣ ደሴቱ ላይ የከፈላችሁበት አንድ ሌሊትም ይቃጠላል። ሻንጣም እንዲሁ፣ ብዙ ጊዜ ሚፈቀደው 20 ኪሎና 5 ኪሎ የእጅ ነው፣ የኛ ሙሽሮች ደሞ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ነው ሚይዙት። ባለፈው ጥር ሙሽሪት ከማሌ ኤርፖርት ደወለችልኝ፣ እኛ ጋ አይደለም የገዙት፣ ኢንስታግራም ላይ ሚሸጥ ሰው ነው የሸጠላቸው፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ ክፍሉን ብቻ ቡክ አርጎ ትራንስፈር ሚባል ነገር አልነገራቸውም። "እህቴ፣ ጀልባው በነጻ መስሎን ነበር፣ አሁን ካላችሁን ዶላር ግማሹን ሊወስዱብን ነው" አለችኝ፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ሙሽራው ከኋላ "ተይው እንመለስ" እያለ ይሰማል። በኛ አገር ካርድና ባለን የዶላር ገደብ እዛ ቆሞ ተጨማሪ 1,000 ዶላር መክፈል ቀላል ነገር አይደለም፣ ይሄንን ለናንተ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከገንዘቡ ሌላ ጽሁፋችሁ ላይ ያልነበረ፣ ግን ሰው ከኤርፖርት ሚያስመልስ ነገር ልጨምር። ቪዛ ጥሩ ዜና ነው፣ ማልዲቭስ ከጥቂት በቀር ለሁሉም አገር ፓስፖርት፣ ለኛም ጭምር፣ የ30 ቀን ቪዛ ኤርፖርት ላይ በነጻ ይሰጣል፣ የኛ ፓስፖርት በየኤምባሲው ስንት ወረቀት እንደሚጠየቅ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ቡኪንግ ይዛችሁ፣ ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ኦንላይን ፎርማቸውን ሞልታችሁ መሄድ ነው። ግን የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ! ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለሆነች ከዚህ ሚሄድ ሰው ካርዱን መያዝ አለበት፣ ክትባቱ ደሞ ከተወጋችሁ 10 ቀን ካለፈ በኋላ ነው ሚጸናው፣ የሰርጉ ማግስት ሮጣችሁ ተወግታችሁ አይሆንም። መጠጥ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ኤርፖርት ላይ ይይዙታል፣ ስትመለሱ ነው ሚሰጧችሁ። የአሳማ ስጋና የአምልኮ ምስልም ማስገባት በጉምሩካቸው ክልክል ነው፣ ስለዚህ ስዕለ አድህኖ ይዞ መሄድ ለለመደ ሰው ቀድሞ ይነገረው።

እና ወቅቱ። የኛ ሰርግ ወይ ጥር ነው ወይ ከፋሲካ በኋላ ነው አይደል? ጥር ማለት ለማልዲቭስ ዋናው የደረቅ ወቅት ነው፣ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ባህሩ ጸጥ ይላል ሰማዩ ይጠራል፣ አውሮፓም በሙሉ ብርዱን ሸሽቶ እዛ ነው ያለው፣ ስለዚህ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ግንቦት ላይ ደሞ ሞንሱን ሚሉት ዝናብ ሚያመጣው የደቡብ ምዕራብ ንፋስ ይገባል፣ ዝናብና ማዕበል አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አይዘንብም፣ እና ያው ክፍል በጣም ረክሶ ይገኛል። በዛ ላይ ማንታ ሬይ ሚባለውን ግዙፍ አሳ ማየት ሚፈልግ ሰው ባ አቶል ሚባለው የደሴቶች ስብስብ ውስጥ ሃኒፋሩ ቤይ ላይ ሚሰበሰቡት በዚሁ በዝናቡ ወቅት ነው፣ አካባቢው በ2011 በዩኔስኮ ባዮስፌር፣ ማለትም ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ፣ ተብሎ የተመዘገበ ነው። አንዲት የሙሽሪት እናት አብረው ቢሮ መጥተው "ልጄ፣ ለመሆኑ የጾም ምግብ አላቸው?" ብለው ጠየቁኝ፣ በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የአገሩ ምግብ ከላይ እስከ ታች ቱና አሳ ነው፣ አሳ ማይበላ ጿሚ ሪዞርቱን ቀድሞ በኢሜይል ማሳወቅ አለበት። በበዓለ ሃምሳ ከሄዱ ግን ረቡዕና አርብም ስለማይጾም ይሄም ችግር የለም። ስለዚህ የግንቦት ሙሽሮች ዝናቡን ካልፈሩ በገንዘብም በምግብም ተጠቃሚ ናቸው፣ ይሄንን እኮ አንድ ጋዜጣ ቢጽፈው ስንት ሰው ይጠቀማል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ ሰዎችን አትሂዱ አልልም፣ ሄጄ አይቻለሁ፣ ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ቁልቁል ስታይ ውሃው ውስጥ ሻርክ ግልገሎች አሸዋው ላይ ሲዞሩ ይታያሉ፣ እንደዛ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ምለው፣ ያ ባህር የሪዞርቱ ብቻ አይደለም። ማልዲቭስ ወደ 1,200 ሚጠጉ ደሴቶች ናቸው፣ ሰው ሚኖርባቸው ወደ 200 ገደማ ናቸው፣ ሪዞርቶቹ ደሞ ሰው ባልነበረባቸው ደሴቶች ላይ ከመንግስት በሊዝ ተወስደው የተሰሩ ናቸው። የመጀመሪያው ኩሩምባ ሚባለው በ1972 ነው የተከፈተው። ከዛ ወዲህ ለብዙ ዓመት ነገሩ ተለያይቶ ነው የኖረው፣ ቱሪስቱ በደሴቱ የአገሬው ሰው በደሴቱ፣ ነዋሪው ባለበት ደሴት ላይ እንግዳ ማሳደር አይፈቀድም ነበር። የተፈቀደው በ2009 እና 2010 ገደማ ፕሬዝዳንት ሞሐመድ ናሺድ በነበሩበት ጊዜ ነው፣ ያን ጊዜ ነው ማፉሺ ሚባለው ደሴት ላይ ጌስትሃውስ፣ ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ማለት ነው፣ መከፈት የጀመረው፣ ዛሬ ማፉሺ በጌስትሃውስ ተሞልቷል።

ማፉሺ ላይ ንጹህ ክፍል ከ60 እና 70 ዶላር ጀምሮ ይገኛል። ከማሌ በስፒድቦት ሲኬድ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ የህዝብ ጀልባም አለ፣ ቀርፋፋ ነው ግን ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ግሪን ታክሱም ክፍላቸው ከ50 ለሚያንስ ጌስትሃውሶች 6 ዶላር ነው። ጠዋት ማስ ሁኒ ሚሉትን ያቀርቡላችኋል፣ የተፈተፈተ ቱና ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ታሽቶ፣ ሮሺ ሚባል ቂጣ ይቀርብለታል፣ በእጅ ነው ሚበላው፣ እኛ ለምደነዋል። በር ላይ ሴቶቹ በገመድ የተሰራ ወንበር ላይ ተንጋለው ያወራሉ፣ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ያልፋሉ፣ አዛን ይሰማል፣ በቃ ሰው ያለበት አገር ነው። ገደብ አለው፣ መጠጥ የለም፣ በዋና ልብስ መታጠብ ሚቻለው ለቱሪስት በተከለለው ቢች ብቻ ነው፣ ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ይሄንን አክብሮ መሄድ ነው። እና ደሞ ከማፉሺ ሆኖ የአንድ ቀን ፓስ እየከፈሉ አጠገብ ያሉት የግል ደሴቶች ላይ ውሎ መምጣት ይቻላል፣ ያንን ውሃ ላይ የተሰራውን ቪላ ፎቶ ተነስቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ማታ ጌስትሃውስ ተመልሶ መተኛት። ወይም ሦስት ሌሊት ማፉሺ አድርጎ የመጨረሻዋን አንድ ሌሊት በስፒድቦት ሚደረስበት ሪዞርት ማረፍ። እኔ ለልጆቹ ምሰራላቸው ፓኬጅ ይሄ ነው፣ እና ብድር ውስጥ ሳይገቡ ተመልሰው "አመሰግናለሁ" ሚሉኝ እነዚህ ናቸው።

ሰራተኞቹን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሪዞርት ላይ በጠዋት ገና እንግዳ ሳይነሳ ወጣ ካላችሁ ወንዶች ተሰልፈው አሸዋውን ሲጠርጉ ታያላችሁ፣ ባህሩ ሌሊት የተፋውን ሳር ሰብስበው በጋሪ ይወስዳሉ፣ እንግዳው ሲነሳ ቢቹ ማንም ያልረገጠው መስሎ ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ የባንግላዴሽ፣ የህንድ፣ የስሪላንካ፣ የኔፓል ልጆች ናቸው፣ መኖሪያቸው መሀል ደሴቱ ላይ በዛፍ ተከልሎ ነው፣ እንግዳ አያየውም። አንዱን "ቤተሰብ አለህ?" አልኩት፣ ስልኩን አውጥቶ ትንሽ ልጁን አሳየኝ፣ የወለደች ጊዜ እዚሁ ስራ ላይ ነበርኩ አለኝ። እኛ እኮ እህቶቻችን ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ ሰው ቤት ውስጥ ሚሰሩ ሰዎች ነን፣ ያንን ልጅ ማናየው ከሆነ ማን ሊያየው ነው? ያ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ በህግ ለሰራተኛው ሚከፋፈል ነው፣ ስለዚህ በእሱ አልከራከርም፣ ብቻ ቀድሞ ይነገረን።

ሌላም አለ ባጭሩ። እያንዳንዱ ደሴት መብራቱን በአብዛኛው በናፍጣ ጄነሬተር ነው ሚያመነጨው፣ ውሃውንም ከባህር ነው ሚያጣራው፣ ቆሻሻው ደሞ ለብዙ ዓመታት ከ1992 ጀምሮ ማሌ አጠገብ ቲላፉሺ ሚባል በቆሻሻ የተሞላ ደሴት ላይ ሲደፋ ኖሯል። የአገሪቱ መሬት ከባህር ወለል በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው ከፍታው፣ በ2009 ኦክቶበር ላይ ሚኒስትሮቻቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ስብሰባ የተቀመጡት ይሄንን ዓለም እንዲያየው ነው። ኮራሉም፣ ድንጋይ ሚመስለው የባህር ውስጥ ሕያው ነገር፣ በ1998 እና በ2016 በሙቀት ቀለሙን አጥቶ ክፉኛ ነጥቷል። ስለዚህ ሚዋኝ ሰው ኮራሉ ላይ አይቁም፣ አይንካው፣ ስባሪውንም ለማስታወሻ ብሎ ሻንጣው ውስጥ አይክተት፣ እሱም ክልክል ነው።

የግል ደሴት ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሲሸልስን ውሰዱ፣ ፍሬጌት ሚባለው የግል ደሴት ላይ ማግፓይ ሮቢን ሚሏት ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች፣ በ1960ዎቹ በዓለም ላይ የቀሩት ደርዘን ገደማ ብቻ ነበሩ፣ ያሉትም እዛች ደሴት ላይ ብቻ ነበር፣ ወፏን ከጥፋት ካተረፉት ስራዎች አብዛኛው እዛው ነው የተሰራው፣ ዛሬ ሌሎች ደሴቶች ላይም ወስደው አራብተዋታል። ዛንዚባር አጠገብ ያለችው ቹምቤም ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ያሏት ደሴት ናት፣ ከእንግዳ ሚገኘው ገቢ ኮራሉን ለመጠበቅና የአካባቢውን ተማሪዎች አምጥቶ ለማስተማር ነው ሚውለው፣ ውሃዋም የዝናብ ውሃ ነው። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ብዙ ገንዘብ ሚከፍል ሰው ገንዘቡ የት እንደሄደ ያውቃል።

ደሞ ለኛ እነዚህ ሁለቱ ቅርብ ናቸው። ሁለቱም ጋ የራሳችን አየር መንገድ ይበራል፣ ባህረ ሰላጤው ላይ ትራንዚት ምናምን የለም። ሲሸልስ ቪዛ አትጠይቅም፣ ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ሞልቶ ክፍያውን መክፈል ነው፣ የቢጫ ወባው ካርድ እዛም ያስፈልጋል፣ ቢቾቹ ደሞ የህዝብ ናቸው፣ ትልቅ ሆቴል ፊት ያለ ቢች ላይ እንኳን ማንም ሰው መዋኘት ይችላል። ላ ዲግ ሚባለው ደሴት ላይ ጌስትሃውስ ይዞ ሳይክል ተከራይቶ ከቢች ቢች መዞር ነው፣ በጀልባ ነው ሚደረሰው፣ ሲፕሌን አያስፈልግም። ዛንዚባር ከሁሉም ይረክሳል፣ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ግን ለአዋቂ 44 ዶላር ግዴታ ኢንሹራንስ ጨምረዋል፣ እሱን አስቡበት። ምነምባ ሚባለው የግል ደሴቷ አንድ ሎጅ ብቻ ያለበት እና በጣም ውድ ነው፣ መሬቷን መርገጥ ሚችለው የሎጁ እንግዳ ብቻ ነው፣ ግን ዙሪያዋ ያለው ኮራል ላይ ከዋናው ደሴት በጀልባ ሄዶ በስኖርክል፣ በመተንፈሻ ቱቦና በመነጽር፣ መዋኘት ይቻላል፣ ዓሳው ያው ዓሳ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። የዕረፍት ገጻችሁ ላይ የደሴት ሪዞርት ዋጋ ስታወጡ ሰርቪስ ቻርጁን፣ ታክሱን፣ ትራንስፈሩንና ምግቡን ደምራችሁ የአምስት ሌሊት ሙሉ ዋጋ ለሁለት ሰው አውጡ፣ አጠገቡ የጌስትሃውሱን ዋጋ አስቀምጡ፣ የወቅቱን ነገር ጻፉ፣ ክትባቱን ጻፉ። ግማሽ ገጽ አይፈጅም። ሂሳቡን መስራት ጊዜ ሚወስድባችሁ ከሆነ እኔ በነጻ እሰራላችኋለሁ፣ የዕለቱን ዋጋ ከሪዞርቶቹ ጠይቄ እልካለሁ፣ የቢሮዬ ስም እንዲጠራም አልፈልግም። የግንቦት ሙሽሮች አሁን ቀብድ መክፈል ጀምረዋል፣ ቢቻል በሚቀጥለው እትም ቢወጣ።

አንባቢያችሁ፣
ከቦሌ፣ አዲስ አበባ